ለሹፌሩ የተነደፈችው መኪና

ሹፌሩ የወደቀው ከቆመ መኪና ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር። «ገደል ገብቼ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ በጠፋ መኪና!» ይላል። ያንን ሁሉ አገር አቋራጭ መንገድ፣ ያንን ሁሉ ጭጋግና ጠመዝማዛ ያለ አንዲት ጭረት ተወጥቶት፣ መጋዘን በር ላይ ጭነቱን ሸራ ሲያለብስ ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ አለው።

የሚኖረው ከእናቱና ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ የቤት ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ንድፍ አውጪ ናት፤ ቁም ሣጥን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ፣ የሱቅ ባንኮኒ በኮምፒውተር ትስላለች። በልኬት ቀልድ ስለማታውቅ የሥራ ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ሠፈር ድረስ ተከትሏት መጣ። እናቷ ሳትቀር ሲከፋት «ነይ እስቲ አንቺ ሚሊሜትር» ትላታለች።

ቤታቸው ቅያሱ መጨረሻ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ያያል። ሹፌሩ ዊልቸሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ይውላል፤ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሳያይ በድምፁ ብቻ ይለየዋል። «ይሄ ሰውዬ ማርሽ መቀነስ ነበረበት፤ ሞተሩን ገደለው» ይላል ለማንም ሳይሆን። አንድ ቀን ሚሊሜትር ከሥራ ስትገባ ውጭ አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቀኝ እጁ ግን የዊልቸሩን ክንድ ይዞ ማርሽ ይቀይራል። ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ። እንዳየችው ሳያውቅ ቀስ ብላ ወጥታ በሩን እንደገና አንኳኩታ ገባች።

በማግሥቱ ምሳዋን ሳትበላ ኮምፒውተሩ ላይ ዋለች። የምትስለው መደርደሪያ አልነበረም። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ሰው ከነዊልቸሩ በኋላ በር የሚገባባት፣ ፍጥነት መጨመሪያዋም ፍሬኗም በእጅ የሚሠራ፣ በጠባብ ቅያስ የምታልፍ።

መኪና ግን ቁም ሣጥን አይደለም። ቁም ሣጥን አይታጠፍም፣ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሰዎች መኪና አብረው የሚነድፉበት አንድ የኢንተርኔት ማኅበር ውስጥ ገባችና አንዲት ጥያቄ ለጠፈች፦ አንድ ሰው ዊልቸሩን በራሱ ጉልበት ገፍቶ እንዲወጣው የኋላ መወጣጫው ምን ያህል ማጋደል አለበት? የፈለገችው አንድ መልስ ነበር። የመጣላት ጎርፍ ነው።

አንዱ መወጣጫውን አስልቶ ላከ። ሌላው ስለ ባትሪ ገጽ ሙሉ ጻፈ። አንዲት ሴት የእጅ ፍሬን ሥዕል ላከች፤ ወንድሟም እንዲሁ የተጎዳባት ናት። ቋንቋቸውን ስለማታውቅ ስልኳ ይተረጉምላታል፤ ስልኩም የራሱን ጉድ ይጨምርበታል። «የእጅ ፍሬን» የሚለውን «የእጅ ስብራት» ብሎት ጮክ ብላ ስታነብ፣ እናት ከጓዳ ብቅ አለች።

«ማን ነው እጁን የተሰበረው?»

«ማንም እማ፤ ስልኩ ነው የሚቀባጥረው።»

«እኔማ እነዚያ ሰዎችሽ መስለውኝ ነው። ደግሞ ለእነሱ ማን አለላቸው?»

እናት የማኅበሩን አባላት «ሰዎችሽ» ነው የምትላቸው። ጠዋት ጠዋት «ሰዎችሽ ደህና አደሩ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከምሯ ነው።

ሹፌሩ መጀመሪያ ከነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። እህቱ በሜትር ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ከጉልበቱ እስከ አገጩ ያለውን ስትለካ፣ «እትዬ፣ ቁም ሣጥን ልታደርጊኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ልኬቱ ማኅበሩ ገጽ ላይ መለጠፉን ሲያይ ግን አልሳቀም። «ክንዴ ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቀኝ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?» አለ።

«ላንተ ብለው እኮ ነው የሚደክሙት።»

«እኔ መኪና ሥሩልኝ አላልኩም።»

ያም ሆኖ ሥዕሉ እየጠራ ሲመጣ ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ይሸሽ ጀመር። «መሪውን ትንሽ ወደኔ» ይላል እንደ ዋዛ። ሚሊሜትር ይህንን ስትሰማ ልቧ በደስታ ይዘላል፤ ወዲያው ትጽፈዋለች። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያጨበጭባል።

ከሰዎቿ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው የመኪና አደጋ መርማሪ የነበሩ፣ የተጨማደደ ብረት እያዩ ምን እንደተፈጠረ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። በማንኛውም ሥዕል ሥር የሚጽፉት ያንኑ ነው፦ «ቢገለበጥስ?» አባላቱ ስማቸውን ትተው «ቢገለበጥስ» ይሏቸው ጀመር። አዲስ ሥዕል ሲወጣ ገና እሳቸው ሳይናገሩ አንዱ ይቀድምና «ቢገለበጥስ ምን ይሉ ይሆን?» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል።

ጸቡ የመጣው በጎማ ነው። ብዙኃኑ መኪናዋ ባለ ሦስት እግር ትሁን አለ፤ ፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት። ቀላል ናት፣ ለቅያስ ትመቻለች፣ ደግሞ በእውነት ቆንጆ ነበረች፤ አፍንጫዋ እንደ ወፍ የሾለ። ሽማግሌው አልተቀበሉም። «ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ሰውየው ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ፊት ደግሞ አንድ እግር ብቻ ነው ያላት። እየታጠፈ ፍሬን ከያዘ ትወድቃለች» ብለው ጻፉ። አንድ ጊዜ ጻፉ። ደገሙት። በየሥዕሉ ሥር ጻፉት። በመጨረሻ ነገሩ ድምፅ ይሰጥበት ተባለና ባለ ሦስት እግሯ አሸነፈች። ሽማግሌው «የመሬት ስበት ድምፅ አይቆጥርም» ብለው መለሱ።

ሰዉ ተቆጣ። ተስፋ ያስቆርጡናል፣ ይሰድቡናል፣ ወይ እሳቸው ወይ እኛ አለ። ገጹን የከፈተችው ሚሊሜትር ናትና ሰው የማስወጣት ሥልጣኑ በእጇ ነው። እውነቱን ለመናገር እሷም ሰልችተዋት ነበር፤ ከሥራ ደክሟት ስትገባ ከሙገሳው መሃል የእሳቸው ቃል እንደ እሾህ ይወጋታል። አንድ ቀን የእራት ውሃ እስኪፈላ ቆማ ሳለ፣ ብዙም ሳታስብ ማስወጫውን ተጫነችውና ሽማግሌው ወጡ። ቀለል አላት።

መኪናዋን የሠራት የወንድሟ የድሮ ወዳጅ የሆነ አንድ ባቲላሜራ ነው። ሹፌሩ የጭነት መኪናውን ወደሱ ጋራዥ ሲያመላልስ የኖረ ነውና «ለሱ ካልሆነ ለማን ልሠራ ነው?» ብሎ ሥዕሉን ተቀበለ። አገላብጦ አየውና ሳቀ።

«እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጋጨ መኪና ሳቃና ነው የኖርኩት። ገና ያልተጋጨ ሠርቼ አላውቅም።»

«አሁን ትሠራለህ» አለችው።

ሻንሲው ተበየደ፣ ላሜራው ተቆርጦ ታጠፈ፣ ከአሮጌ ባለ ሦስት እግር ታክሲ የተነቀለ ሞተር ገባ። ሚሊሜትር ከሥራ በቀጥታ ጋራዥ እየሄደች እያንዳንዱን ብየዳ በሜትሯ ትፈትሻለች። ልኬቱ ከሥዕሉ ዝንፍ አላለም። ባቲላሜራው መኪናዋን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

የሙከራው ዕለት እሑድ ጠዋት ነው፤ ሹፌሩ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ግቢ ባዶ ስለሚሆን ተፈቀደላቸው። ማኅበሩ ሁሉ በቀጥታ ሥርጭት ልይ ብሏል። ሚሊሜትር ለወንድሟ አዲስ ሸሚዝ ገዝታለች። እናት ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባቲላሜራው ዊልቸሩን አስገብቶ በቀበቶ አሰረው፤ የኋላውን በር ዘጋ። ሚሊሜትር ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች።

መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰች። ሹፌሩ ግቢውን አንድ ጊዜ በዝግታ ዞረ፤ ፊቱ ምንም አይናገርም ነበር። ሁለተኛውን ሲዞር ጨመር አደረገ። በእህቱ ፊት ሲያልፍ «እትዬ! ነዳሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከሱ ተሰምቶ አያውቅም። እናት እልልታዋን ለቀቀችው። ሦስተኛውን ዙር የውሃ ጋኑ ጥግ ሲደርስ፣ አንድ ውሻ ከጥላው ወጣ። ሹፌሩ ማንኛውም ሹፌር የሚያደርገውን አደረገ። መሪውን ጠመዘዘ፣ ፍሬን ያዘ።

አንዱ የኋላ ጎማ መሬት ለቀቀ። መኪናዋ እንደምታስብ ሁሉ ለአፍታ ተንጠልጥላ ቆየችና በአፍንጫዋ በኩል ወደ ጎን ወደቀች።

ሚሊሜትር ይህን ሁሉ ያየችው በስልኳ ስክሪን ውስጥ ነው። ባቲላሜራው ሲሮጥ፣ እናቷ ስትጮህ፣ እሷ ስልኩን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። ኔትወርኩ ዘግይቶ ነበርና የዓለሙ ሕዝብ ገና ሁለተኛውን ዙር ነው የሚያየው። ወንድሟ መሬት ላይ እያቃሰተ፣ በስክሪኑ ላይ ጭብጨባው ይወርድ ነበር።

ሐኪም ቤት የትከሻው አጥንት አንገቱ ሥር መሰበሩ ታወቀ። ለሌላ ሰው ይድናል ተብሎ የሚታለፍ ጉዳት ነው። ሹፌሩ ግን በእጆቹ የሚኖር ሰው ነበር፤ ከአልጋ የሚወርደው፣ ዊልቸሩን የሚገፋው፣ መጸዳጃ የሚደርሰው በእጆቹ ነው። አሁን አንዱ እጅ ተጠፍሮ ሲታሰር የቀረችው ትንሿ ነጻነትም ሄደች። እናት በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውጣል።

ማኅበሩ ለሁለት ቀን ያህል አለቀሰ። ከዚያ መጨቃጨቅ ጀመረ። ስሌቱ ልክ ነው አለ አንዱ። ባቲላሜራው አበላሽቶት ይሆናል አለ ሌላው። ቪዲዮውን እያቆሙ፣ እየመለሱ፣ ከጎኑ መስመር እያሰመሩ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የብዙዎቹ ፍርድ አንድ ቦታ አረፈ፦ ሹፌሩ ፍጥነት አብዝቷል፤ መንዳት አይችልም።

ሹፌሩ በግራ እጁ የእህቱን ስልክ አንሥቶ አነበበው። ከሥራ ስትገባ ስልኩን ዘረጋላት።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ተባለ፣ አይደል?»

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እሺ፣ አንቺ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«እሱ ነው የገረመኝ» አለና ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለው።

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ኩርፊያ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ያኮረፈ ሰው በር ይወረውራል፣ ያጉረመርማል። እሱ ግን ለሚያስፈልገው ሁሉ «እማ» ብሎ እናቱን ይጠራል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ሳለች እንኳ። የጭነት መኪና ድምፅ ሲያልፍም አስተያየት መስጠቱን ተወ። መስኮቱ እንዲዘጋለት ጠየቀ። ሚሊሜትር ሥራ ቦታ የአንድ ደንበኛን ቁም ሣጥን በር ተሳስታ በግልባጭ ሳለች፤ ባልደረቦቿ ቀልዳ መስሏቸው ሳቁ። ማኅበሩ ደግሞ ቀስ በቀስ በፀሐይ ወደምትሄድ ሌላ መኪና ዞረ። ያለ ጠብ፣ ያለ ስንብት፣ እንደ ገበያ ተበተነ።

ባቲላሜራው ጋ ሄደች። መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ጥግ ቆማለች።

«አንተ ገብቶህ ነበር፣ አይደል? ያን ቀን በእጅህ ስትነቀንቃት።»

ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ግን አንቺ ሚሊሜትር ነሽ፤ ከኋላሽ ደግሞ ያ ሁሉ አገር አለ። ማን ብዬ ልከራከርሽ?»

ምሳሌው እንደሚለው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሎሚው ሲበሰብስ ግን ማን ጋ ያለው እንደበሰበሰ አይታወቅም። ሚሊሜትር ሁሉም የኔ ነው ብላ ወሰደችው። ከጋራዡ እንደወጣች መንገድ ዳር አጥር ተደግፋ ለሽማግሌው ጻፈች። ይቅርታ ብዙ ቃል አይፈልግም ብላ አጭር አደረገችው፦ እርስዎ ልክ ነበሩ፣ እኔ አስወጣሁዎት፣ ወንድሜ ተጎዳ።

መልሱ ለብዙ ቀን አልመጣም። ሲመጣ «ነግሬሽ ነበር» የሚል አልነበረበትም። «ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። አጥንቱ ገጠመ ወይ?» ይላል። ቀጥሎ፦ «ልክ መሆኔ አላስደሰተኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከአደጋ በኋላ ልክ ሆኜ ነው የኖርኩት። ደግሞም ሰው በሚሰማው መንገድ አልተናገርኩም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መኪናዋ ከመውደቋ በፊት ምን እንደተሰማው ወንድምሽን ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቀችውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ክንዱን ለካች፣ ትከሻውን ለካች፤ ይህን ግን አልጠየቀችውም።

ቤት ገብታ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ኮርኒሱን ያያል።

«አንተ ፍጥነት አላበዛህም» አለች። «እዚያም ጽፌዋለሁ፤ ዘግይቼ ነው። የተሳሳተው ሥዕሉ ነው፤ ሥዕሉን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበው።

«ከመውደቅህ በፊት ምን ተሰማህ?»

ተስፋ ቆርጣ ልትነሣ ስትል ተናገረ።

«ገና በመጀመሪያው ዙር ነው የገባኝ። ስታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ቀለለኝ፤ መሬቱን እንዳልረገጠ። ሹፌር ይሄን በመቀመጫው ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ለምን አላቆምክም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳይሽ ስልክሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ።» ዓይኑን ከኮርኒሱ አወረደ። «ደግሞ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልዋሽ አልችልም።»

ሚሊሜትር ፊቷን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋች። ሹፌሩ እጁን አልጫነባትም፤ ግን «እማ» ብሎም አልተጣራም። ቆይቶ «ያ ሽማግሌ ሌላስ ምን ይላል?» ሲል ጠየቃት።

ከዚያ ወዲያ ለሽማግሌው የሚጽፈው ራሱ ሹፌሩ ሆነ። ሁለቱ የሚነጋገሩት እንደ ሁለት ባለጋራዎች ነው። ሽማግሌው ወለሉ ዝቅ ይበል ይላሉ፤ ሹፌሩ ዝቅ ካለ የቅያሱ ድንጋይ ይነካታል ይላል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ወጥቶ ግራና ቀኝ ተቀመጠ፣ እግሯ አራት ሆነ፣ ያ የወፍ አፍንጫዋ ተቆርጦ ቀረ። ሚሊሜትር በታዘዘችው መሠረት ሳለች። አንድም ነገር ያለ ወንድሟ ቃል አልጨመረችም፤ አንዳንዴ የምታውቀውን እንኳ ለመናገር ትፈራ ነበር፤ እሱም ይህንን አይቶ አንዳንዴ ይናደድባታል። «እህቴ እንጂ ጸሐፊዬ ነሽ እንዴ? የመሰለሽን ተናገሪ!»

ባቲላሜራው ሁለተኛዋን ሠርቶ ሲጨርስ ዞሯት አየና «እንደ ጫማ ሣጥን አስቀያሚ ናት፤ የማትወድቀውም ለዚህ ነው፤ ደፍሮ የሚነካት የለም» አለ። መጀመሪያ የነዷት ማንም ሳይገባባት፣ በሹፌሩ ክብደት ልክ አሸዋ ጭነው፣ መሪዋን በገመድ አስረው ነው። አልተገለበጠችም፤ ስልክ የያዘ ሰውም አልነበረም።

ሁሉ ነገር ተቃና ማለት ግን አይደለም። የተሽከርካሪ መርማሪዎቹ አይተዋት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ቤት የተሠራ መኪና የሚመዘገብበት ደንብ የለም፣ ዋናው መንገድ ላይ እንዳትወጣ አሉ። ስለዚህ ሹፌሩ ከቤቱ እስከ መጋዘኑ የኋላ በር በቅያሱ ብቻ ይሄዳል። መጋዘኑ ጭነት ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጥሮታል፤ ሸራው በደንብ መታሰሩን ሳያይ አንድም መኪና አያስወጣም። አንዳንዴ ሲመለስ ቅያሱ አፍ ላይ ይቆምና አስፋልቱን ያያል፤ ከባድ መኪኖቹ አጠገቡ ያልፋሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትከሻው ሲበርድ አሁንም ያመዋል። ከእህቱ ጋር ይነጋገራሉ፣ ይቃለዳሉም፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ በመካከላቸው ሁለቱም የሚዞሩት አንድ ነገር አለ።

ሚሊሜትርን እንቅልፍ የሚነሣት ሌላ ነው። የባለ ሦስት እግሯ ሥዕል ኢንተርኔቱ ላይ ቀርቷል። ከገጿ አጠፋችው፤ ነገር ግን ስንቱ ወስዶት ነበር! አንዱ ከሌላው እየገለበጠ፣ ሌላ ስም እየሰጠ፣ ሌላ ቀለም እየቀባ ያዞረዋል። ባየችው ቁጥር ከሥሩ «አትሥሩት፤ ይገለበጣል» ብላ ትጽፋለች። የሚሰማም አለ፣ የሚሳለቅም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሩቅ አገር አንዲት ሴት ሻንሲው የተበየደ፣ ላሜራ የሚጠብቅ የባለ ሦስት እግር መኪና ፎቶ ለጠፈች። ለአባቷ ነው። ሚሊሜትር ጻፈችላት። ሴትዮዋ ተቆጣች፤ አባቴ በየቀኑ መቼ ያልቃል እያለ ይጠይቀኛል፣ ምቀኛ ነሽ አለቻት። ሚሊሜትር መለሰች፣ እንደገና መለሰች፣ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ሹፌሩ ከመስኮቱ ሥር ዞሮ አያት። ፎቶ መነሣት ከአደጋው በኋላ ጨርሶ ጠልቶ ነበር።

«ስጪኝ» አለ። «እኔ ልንገራት።»

«ምን ትላታለህ? እኔ ያላልኳት ነገር የለም።»

«አምጪው እትዬ። ፊቴን እንድታየኝ አድርጊና ደውይላት።»

ሴትዮዋ አነሣች። ሹፌሩ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ አንገቱ ሥር ጎብጦ የገጠመውን አጥንት አሳያት፤ ቀስ እያለ፣ ስልኩ እንዲተረጉምለት ቃል በቃል እየቆረጠ፣ ጎማው እንዴት እንደቀለለው ነገራት። ሴትዮዋ ሳታቋርጠው ሰማች። ከዚያ ከኋላዋ፣ አባቷ ሳይሆን የማይቀር የአንድ አዛውንት ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ዞራ ስትመልስለት መስመሩ ተቋረጠ።

ሹፌሩ ስልኩን ለእህቱ መለሰላት።

«ሰማችህ ይሆን?» አለችው።

«እንጃ» አለ ቁልፉን እየቆለፈ። «ነገ ደግሞ እንደውልላት።»